ከፊደል ገበታ እስከ ስድስተኛ ክፍል

ሕፃን ልጅ በዕድሜ ከፍ ባለ መጠን ትምህርቱም ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ መሄድ እንደሚገባው ዛሬ የሚጠራጠር የለም። ሆኖም ይህ አሳብ ከጥቁር ሰሌዳና ከደወል ጋራ ከውጭ አገር የመጣልን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት የተማሪውን እርምጃ በጥንቃቄ የሚመራ ሥርዓት በአገራችን ነበረ። አሮጌውንና አዲሱን የሚለያቸው መሰላል መኖሩና አለመኖሩ ሳይሆን፣ የሚነበበው ቃል ትርጕም ለልጁ በስንተኛው እርከን ላይ እንደሚደርሰው ነው።

ልጁ የኔታ ዘንድ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚሰጠው የፊደል ገበታ ነው። በስንደዶ እያመለከተ ከሀ እስከ ፐ ሰባቱን ቤት በተራ ይቈጥራል። ልጅ ግን ተራውን በዜማ ከያዘው በኋላ ዓይኑ ሌላ ስፍራ እያየ አፉ ብቻውን ሊጠራው እንደሚችል የጥንት መምህራን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ቀጥለው አቡጊዳን አስገቡ። በዚህ ገበታ የለመደው ተራ ይፈርሳል፤ አ በግእዝ፣ ቡ በካዕብ፣ ጊ በሣልስ፣ ዳ በራብዕ እየተባለ ፊደሉም ቤቱም በአንድነት ይለዋወጣል። የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ፊደሉን በእውነት የለየ ግን ያልፋል። ይህን ያህል ቀላል፣ ይህንም ያህል አስተማማኝ የሆነ ፈተና በዛሬዎቹ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አናገኝም።

ከአቡጊዳ በኋላ የዮሐንስ መልእክት ይከተላል። አነባበቡም ራሱ ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቈጠረ፣ ቀጥሎ በግእዝና በውርድ ንባብ እየተለማመደ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ እየፈጠነ ይሄዳል። ማታ ገበታው በማይታይበት ሰዓት የቃል ትምህርት ይሰጠዋል። ከዚያም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይጀምራል። ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ ዐወቀ ተብሎ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ድግስ ይደግሱለታል። በዚህ ሁሉ መካከል ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ያንን መጽሐፍ የጨረሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ቀደም ያለውም ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስቈጥራል።

ነገር ግን የሚነበበው ሁሉ ግእዝ ነው፤ ግእዝም በልጁ ቤት የሚነገር ቋንቋ አይደለም። ትርጕሙ የሚገኘው ርቆ፣ ግስና አገባብ በሚጠናበት በቅኔ ቤት፣ በተለይም በመጻሕፍት ቤት ነበር። በወሎና በሐረር የቁርኣን ተማሪም በሉሑ ላይ የተጻፈለትን ዐረብኛ አስቀድሞ በድምፅ ይይዘዋል፤ ትርጓሜው የሚመጣው በኋላ ነው። ይህን አካሄድ የበቀቀን ትምህርት ብለው የሚያቃልሉት አሉ፤ እኛ ግን ፍርዱ የቸኰለ ይመስለናል። እስከ መጨረሻው ለዘለቀው ሰው በልጅነቱ የያዘው ቃል በኋላ ለሚገነባው ሁሉ መሠረት ሆኖታል። ጉዳቱ የወደቀው ዳዊት ደግሞ ወደ እርሻው በተመለሰው ላይ ነው። እሱ ያነባል እንጂ ያነበበውን አይረዳም፤ ጽሕፈትም ራሱን የቻለ ሙያ ስለ ነበረ ብዙውን ጊዜ መጻፍ አይችልም።

በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ የውጭ ቋንቋና ሒሳብ ገቡ፤ ዓመቱን የሚከተል የክፍል አወጣጥም እየጸና ሄደ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1940 ዓ.ም. ገደማ በወጣው ሥርዓተ ትምህርት መሠረት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት 8 ዓመት ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አማርኛ፣ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ነበር። እንግዲህ ትናንት የተማረውን ተረድቶ ለእናቱ ይነግር የነበረ ልጅ፣ ክፍል በመጨመሩ ብቻ ትርጕም ወደሌለው ድምፅ ተመለሰ። በ1956 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ 6 ዓመት ሲሆንና አማርኛ ለስድስቱም ክፍሎች ሲደረግ አማርኛ ለሚናገረው ልጅ ይህ ችግር ተቃለለ። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ለሚናገረው ግን ችግሩ ከመጀመሪያው ቀን የሚጀምር ሆኖ ቀረ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ማስተማሪያ በማድረግ ይህንን ለማረም ሞከረ፤ የአንደኛ ደረጃንም መልሶ 8 ዓመት አደረገው። የትምህርቱ አከፋፈል በደንብ ታስቦበታል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አንድ ትምህርት ነበር፤ በ5ኛና በ6ኛ የተፈጥሮው ከኅብረተሰቡ ይለይ ነበር፤ በ7ኛ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻቸው ይቆሙ ነበር። ውሃን ብንወስድ፣ ትንሹ ልጅ የሚጠየቀው የቤቱ ውሃ ከምንጭ ወይስ ከጕድጓድ እንደሚቀዳ ነው፤ ከፍ ሲል ውሃ እንዴት ተንኖ ደመና እንደሚሆን ይማራል፤ ኬሚስትሪ ሲደርስ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን መሠራቱን ይሰማል። ዕውቀቱ ያው አንዱ ውሃ ሆኖ እየጠለቀ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ በዚሁ ሥርዓት እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሆኖ የሚገባበት ክፍል በየክልሉ የተለያየ ነበር። በአዲስ አበባ 7ኛ ክፍል ላይ ነበር። የ13 ዓመቱ ልጅ ሳይንስ በሦስት በተከፈለበት በዚያው መስከረም ሦስቱንም በእንግሊዝኛ ተቀበላቸው፤ ሁለት እርከን በአንድ እግር እንዲወጣ ተጠየቀ ማለት ነው። ዳዊት ደጋሚው ተማሪ የቋንቋው እንግድነት እንጂ የአሳቡ አዲስነት አላስጨነቀውም ነበር፤ አሳቡን እንዲያውቅ ገና የጠየቀው አልነበረምና። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን እንደገና በ6ኛ ክፍል ላይ አቁሞታል፤ 7ኛና 8ኛም መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል።