ከፀጉር እስከ ሴንሰር፦ የአየር እርጥበትና ሙቀት መለኪያ አጭር ታሪክ

እንደሚታወቀው ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። የጋይንት ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ሲል ውርጭ እንደሚወርድ፣ በክረምት ጉም ሲሰነብት ደግሞ የድንች ቅጠል እንደሚጠቁር ከአባቶቹ ተምሯል። ይህ እውቀት ትልቅ ሀብት ቢሆንም በቁጥር ተመዝግቦ ለከርሞ የሚቀመጥበት መንገድ አልነበረውም።

የአየርን እርጥበት በቁጥር ለማወቅ የተደረገው ጥረት ረጅም ዘመን ወስዷል። የስዊሱ ሊቅ ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው መጽሐፍ በሰው ፀጉር የሚሠራ መለኪያ አስተዋወቀ፤ ፀጉር እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራልና። ቀጥሎ ሁለት ቴርሞሜትሮችን ጎን ለጎን ሰቅሎ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ተለመደ። አየሩ በደረቀ ቁጥር ከጨርቁ የሚተነው ውሃ ስለሚበዛ እርጥቡ ቴርሞሜትር ይቀዘቅዛል፤ ከሁለቱ ልዩነት እርጥበቱ ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ቫይሳላ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ እርጥበት በሚስብ ስስ ፕላስቲክ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር አወጣ። ፕላስቲኩ እርጥበት ሲስብ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ይለወጣል፤ መሣሪያው ይህንኑ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል።

በአገራችን የሜትሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ በመሥሪያ ቤት ደረጃ የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም ነው። ግሪንሃውስ በስፋት የታየው ግን ከ1990ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ በተስፋፉት የአበባ እርሻዎች ነው። በግሪንሃውስ ውስጥ ሌሊት ሙቀቱ ሲወርድ የአየሩ እርጥበት ወደ 100 በመቶ ይጠጋል፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃም ቅጠሉ ላይ አድሮ በሽታ ያመጣል። ሴንሰሩ መስኮቱ መቼ እንደሚከፈት ያመለክታል።

የቁጥር ጥቅም ከግሪንሃውስ ውጭም ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ለከፍተኛ ረሃብ ምክንያት የሆነው የድንች በሽታ የሚወደው እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው። ቦሞንት የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ደንብ፣ በተከታታይ ለ48 ሰዓታት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱም ከ75 በመቶ ካልወረደ በሽታው ሊነሣ ስለሚችል ገበሬው አስቀድሞ እንዲዘጋጅ አሳሰበ። ይህ ደንብ የወጣው ለእንግሊዝ አየር ነው። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሚስማማው ቁጥር የሚገኘው በእኛው ማሳ ላይ ከሚያዝ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ሴንሰር መግዛት ብቻውን በቂ አይደለም። መሣሪያው ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በሰብሉ ቁመት ልክ መሰቀል፣ በየጊዜውም በእርጥብና በደረቅ ቴርሞሜትር መመሳከር አለበት። ከሁሉም በላይ ንባቡ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በደብተር ይስፈር፤ በሽታ ወይም ውርጭ የታየበት ቀንም አብሮ ይጻፍ። አንድ አባወራ ብቻውን የማይችለውን ይህን ሥራ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ተራ ገብተው፣ የግብርና ባለሙያዎችም አግዘው ሊፈጽሙት ይችላሉ። የአባቶቻችን እውቀት ለልጆቻችን በተሟላ ሁኔታ የሚተላለፈው በዚህ መልክ ሲመዘገብ ነው።