ካባ ሲዘጋ ሥራው አያልቅም

ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ ባምቡሪ ላይ ሃለር ፓርክ የሚባል ቦታ አለ። ጉማሬ ኩሬው ውስጥ ይንቦራጨቃል፤ አዞ ዳር ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከ2004ቱ ሱናሚ የተረፈው የጉማሬ ግልገል ኦወን ከሽማግሌው ኤሊ ከምዜ ጋር የተጎዳኘውም እዚሁ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎብኚው የቆመበት መሬት ግን የሲሚንቶ ፋብሪካ የድንጋይ ካባ ነበር።

የባምቡሪ ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1954 ነው። ጥሬ ዕቃው ጥንት ባሕር ውስጥ የተፈጠረ የኮራል ኖራ ድንጋይ ነው። ቁፋሮው የከርሰ ምድር ውሃ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። የሚተርፈው አፈር የሌለው፣ ፀሐይ የሚያነደው ነጭ ወለል ነው።

በ1971 ስዊዘርላንዳዊው የግብርና ባለሙያ ሬኔ ሃለር ይህን ወለል ማልማት ጀመረ። 26 ዓይነት ዛፍ ሞከረ፤ የጸደቁት 3 ብቻ ናቸው። ዋናው እኛ ሸውሸዌ የምንለው ነው፤ ጨው ይችላል፣ ሥሩ ላይ ባሉ ተሕዋስያን አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ያገኛል።

ነገር ግን የረገፈው ቅጠል አልበሰብስ አለ። ቅጠል ካልበሰበሰ ደግሞ አፈር የለም። ችግሩን የፈታው ማሽን ሳይሆን ሺህ እግር የምንለው ተራ ፍጥረት ነው። ሃለር ሰብስቦ ለቀቃቸው፤ ቅጠሉን በሉት፤ ከኩሳቸው አፈር ተሠራ። ከዚያ ሣሩ፣ ኩሬው፣ ዓሣው፣ ወፉ ተከተለ። በ1984 ቦታው ለሕዝብ ተከፈተ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የጠፋው አልተመለሰም። የተቆፈረው ኮራል ሲሚንቶ ሆኗል፤ ሸውሸዌውም መጤ ዛፍ ነው። ስለዚህ ባምቡሪን «እንደፈለጋችሁ ቆፍሩ፣ በኋላ ይድናል» ለማለት ማስረጃ ማድረግ ስህተት ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ የቆፈረው ራሱ ከፈለ፤ ጥገናውንም ፋብሪካው እየሠራ ሳለ ጀመረ።

እኛ ጋ ድንጋዩ ሲያልቅ ጉድጓዱ ባለቤት ያጣል። ክረምት ውሃ ያቁራል፤ ሊዋኙ የገቡ ልጆች ሰጠሙ የሚለውን ዜና በየዓመቱ እንሰማለን። ጉድጓዱ ውሃ መያዙ አይቀርም። ኩሬ ይሁን ወይስ መቃብር የሚለው የሚወሰነው ግን የመጀመሪያው ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት፣ የቁፋሮ ፈቃድ ሲፈረም ነው።