መጀመሪያ ለማን ይለቀቅ?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ለቅዳሜ ሌሊት አገር ተኝቷል። ያልተኙ ጥቂቶች ግን አንድ ነገር ደረሱበት፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኤቲኤም ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ብር ይሰጣል። ወሬው ከዶርም ወደ ዶርም፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሮጠ። በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤም ፊት ለፊት ሰልፍ ሆነ። ሲነጋጋ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ባንኩ ኋላ እንደተናገረው በዚያ ሌሊት 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች ተካሂደዋል፤ ያንቀሳቀሱት ገንዘብም 2.4 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ የተዘረፈ አይደለም፤ ያለአግባብ ወጣ የተባለው 801 ሚሊዮን ብር አካባቢ ነው። ምክንያቱስ? የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ። ሲስተሙ ላይ በተደረገ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ የተፈጠረ ችግር ነው።

በዚያ ሰሞን አገሩ የተከራከረው ስለ ሌብነት ነበር። ወላጅ ልጁን ተቆጣ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያ ለጠፉ፣ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ሳይቀር ወጣ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ለውጥ ወደ ሰው ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚለቀቀው ለማን ነው? ከተበላሸስ ማን፣ በስንት ደቂቃ ያቆመዋል? ይህ ጥያቄ የሞባይል አፕ ለሚሠሩ ልጆች የዕለት እንጀራቸው ነው። «በደረጃ መልቀቅ» ይሉታል። አዲስ የፈረንጅ ብልሃት ይመስላል እንጂ እኛም አገር የራሱ ታሪክ አለው።

እስቲ ከሩቁ እንጀምር። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ገደማ ከጣልያን ሲመለሱ ስልክ ይዘው መጡ። መጀመሪያ የተዘረጋው ከቤተ መንግሥቱ እስከ ግምጃ ቤቱ ነበር። ካህናቱ ሰው ሳይታይ ድምፁ የሚሰማበትን ይህን ነገር የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙት ይነገራል፤ ምኒልክ ግን አልተዉትም። አስር ዓመት ሳይሞላ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ተዘረጋ። የዛሬ ልጆች ቢሆኑ «ንጉሡ የውስጥ ሙከራ አድርገው ነው ወደ ሰፊው የወጡት» ይሉ ነበር። ትንሽ ማጋነን ይሆናል። ቤተ መንግሥቱ የቀደመው ለሙከራ የሚመች ስለነበረ ሳይሆን ቤተ መንግሥት ስለሆነ ነው። እዚህ አገር «መጀመሪያ» ማለት ለረጅም ጊዜ የማዕረግ ጉዳይ ነበር፤ መጀመሪያ የሚያገኘው ትልቁ ሰው ነው። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም ያው ነው። ሲም ካርድ የነበረው ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

ስለ ማቆሚያውም ታሪክ አለን፤ ያውም መራራ። ከ1997 ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ። የተመለሰው በሚሌኒየሙ፣ በመስከረም 2000 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት በላይ «እዚህ ነኝ፣ የት ነህ?» ለማለት መደወል ግድ ነበር። ማቆሚያው እንዳለን በሚገባ አወቅን። አንድ ቁልፍ ነበር፤ ሲጫኑትም ለሁሉም ነው፤ የሚጫነውም የሚቆጥር ማሽን ሳይሆን የሚፈራ ሰው ነበር።

አዲስ አበቤ ወረፋ መጠበቅን የተማረው በ2014 ይመስለኛል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃዱን በ2013 ካገኘ በኋላ ኔትወርኩን የሙከራ ብሎ የከፈተው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ነው። ከዚያ ሐረር፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ ጎንደር እያለ ከተማ በከተማ ሄደ። አዲስ አበባ 11ኛዋ ሆና የገባችው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዋና ከተማ ሆነን ድሬዎች በ07 ሲደዋወሉ እኛ ማየት! ብልሃቱ ግን ግልጽ ነበር። ትንሽ ከተማ ላይ አንቴናው ቢያስቸግር፣ የሂሳብ አከፋፈሉ ቢሳሳት፣ ጉዳቱ እዚያው ይቀራል። ሚሊዮኖች ያሉበት ከተማ ላይ ግን ስህተቱን ለማረም ፋታ አይገኝም። መጀመሪያ የሚያገኘው የሚከበረው ሰው መሆኑ ቀርቶ ስህተቱን የምንማርበት ሆነ ማለት ነው። ይህ ለድሬዎች ክብር ነው ወይስ ሸክም? ሁለቱም ይመስለኛል።

አፕ ሠሪዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከተማውን በመቶኛ ተኩት። ጉግል ለአንድሮይድ ገንቢዎች ይህን መንገድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ አፕል በ2017 ተከተለ። የአፕሉ ሰባት ቀን ይፈጃል፤ በመጀመሪያው ቀን ከመቶ 1 ሰው፣ ከዚያ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ በሰባተኛው ቀን 100። ጉግል ላይ ቁጥሩን ገንቢው ራሱ ይመርጣል። ሰዎቹ በዕጣ እንጂ በማዕረግ አይመረጡም። ምኒልክ ቢሰሙ ይገረሙ ነበር።

ዋናው ሥራ ያለው ግን መቶኛው ላይ አይደለም፤ ከኋላው ባለው ሰንሰለት ላይ ነው። ገንቢው አዲስ ኮድ ሲያስገባ ማሽን ተቀብሎ ይገነባዋል፣ ይፈትነዋል፣ ይፈርምበታል፣ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይልከዋል። እነሱ ጋ ካልተበላሸ ለ1 በመቶው ይለቀቃል። ከዚያ ማሽኑ ይቆጥራል። አፑ ስንት ስልክ ላይ በራሱ ተዘጋ? ስንት ክፍያ ከሸፈ? ቁጥሩ አስቀድሞ ከተወሰነው ካለፈ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ያቆማል፤ ካላለፈ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይሻገራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ማቆም ማለት መመለስ አይደለም። የተበላሸውን ቨርዥን አስቀድሞ ያወረደ ሰው ጋ ነገሩ እንደተበላሸ ይቀመጣል፤ የሚያድነው የተስተካከለና ቁጥሩ ከፍ ያለ ሌላ ቨርዥን ሲላክለት ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቆጥር ከሌለ በደረጃ መልቀቅ አደጋውን ማዘግየት እንጂ መቀነስ አይደለም።

የዓለም ትልልቆችም ይህን የተማሩት በዋጋ ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ማሻሻያ በአንዴ ለሁሉም ላከ። በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ሳበው፤ ግን 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ሆነው ቀርተው፣ አውሮፕላኖች ቆመው ነበር። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ነው እንዲህ ያለውን ማሻሻያ በደረጃ እለቃለሁ ያለው። የእኛ የንግድ ባንክ ሌሊት ከዚህ አራት ወር ቀድሞ ነበር። ሲነጻጸር የኔ ጥያቄ ሰዓቱ ላይ ነው። ከእኩለ ሌሊት አንስቶ አንድ ተማሪ ደጋግሞ ሲያወጣ፣ ሰልፉ ሲረዝም፣ «ይህ የተለመደ አይደለም» ብሎ የሚቆጥር ነገር ከተማሪው ቀድሞ መንቃት ነበረበት። ሌሊቱን ነቅቶ ያደረው ተማሪው ነው።

የነዳጁን ደግሞ እንመልከት፤ ኮልፌ ቀራንዮን በቀጥታ የነካው እሱ ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2014 ክረምት የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ትራንስፖርት ተሽከርካሪዎች በእሱ በኩል እንዲሆን ተደረገ። ይህ ጥሩ የመጀመሪያ ደረጃ ነበር፤ የተወሰነ ተጠቃሚ፣ የሚታወቅ ታርጋ። ከዚያ ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሆነ፤ ግንቦት 1 ደግሞ በመላ አገሪቱ። ደረጃ አለው? አለው። ግን ሁለተኛው እርምጃ ከሁሉም ትልቁ ከተማ ላይ አረፈ፤ ለቀጣዩ የተተወውም 15 ቀን ብቻ ነበር። በከተማዋ ማደያዎች ሰልፍ ታየ። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል የሚመላለስ ሚኒባስ ሰልፍ ላይ የቆመበት ሰዓት ምልልስ ያልሠራበት ሰዓት ነው፤ አፕ ሠሪ ስህተት የሚለው ለሹፌሩና ለረዳቱ የዕለት ገቢ ነው። ጥሬ ብር ለጥቂት ሳምንት ጎን ለጎን ቢቆይ ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? የኔ ሐሳብ ነው፤ የነዳጅ ሰዎች ሌላ ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል።

አሁን ደግሞ ወጣት ገንቢዎቻችን ሰንሰለቱን እየተከሉ ነው፤ ደስ ይላል። ግን መቶኛው የተሰላው ካሊፎርኒያ ውስጥ ስልኩ ሌሊት ዋይፋይ ላይ ለሚያድር ሰው ነው። ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ ያለ ስልክ እንዲህ አይኖርም። የዳታ ጥቅል እንዳይበላ አውቶማቲክ አፕዴት ተዘግቷል። ስለዚህ በዕጣ የተመረጠው 1 በመቶ አብዛኛው ዋይፋይ ያለው፣ ስልኩ አዲስ የሆነ፣ ቢሮ የሚውል ሰው ነው። ሚሞሪው የሞላ፣ አንድሮይዱ ያረጀ ስልክ ላይ አፑ እንደሚዘጋ ማሽኑ አይቆጥርም፤ እነዚያ ስልኮች ገና አላወረዱትማ! ቁጥሩ ያምራል፣ ደረጃው ይሻገራል፣ ችግሩ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ወረፋውን የሚዘል መንገድም አለ። አዲሱን ቨርዥን ቀድሞ ያገኘ አንድ ልጅ የአፑን ፋይል አውጥቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ሰፈር ለሰፈር፣ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝና በዜንደር ይዞራል፤ ሞባይል ቤቱም ለደንበኛው ስልክ ሲጭን ያንኑ ይጭናል። በዚህ መሀል ስህተት ተገኝቶ ማሽኑ ስርጭቱን ቢያቆም የቴሌግራሙ ፋይል አልሰማም። አፑን የሠራው ልጅ ስክሪን ላይ ግን አሁንም «5 በመቶ» ይላል።