የአዋሽን ፍጻሜ ሊያይ የሄደው ሰውና የፎቶግራፍ ሥዕሎቹ

የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ይሄዳል፤ ነገር ግን እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ወንዞች ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ይህም ነገር ለቀድሞ መንገደኞች እንቈቅልሽ ነበረ። በ1868 ዓ.ም. የግብጽን ጦር እየመራ በአውሳ በኩል ሊያልፍ የሞከረው የስዊስ ተወላጅ ሙንዚንገር እዚያው ተገደለ። በ1873 ዓ.ም. ጁሊዬቲ፣ በ1877 ዓ.ም. ቢያንኪ የተባሉት ኢጣልያኖች ከነጓደኞቻቸው በዚሁ በረሓ ሞቱ። በ1920 ዓ.ም. ኔዝቢት የተባለ መሐንዲስ ከሁለት ኢጣልያኖች ጋራ ከአዋሽ ተነሥቶ በረሓውን ወደ ሰሜን አቋረጠ፤ ሆኖም ወንዙን እስከ መጨረሻው አልተከተለም።

ይህን የፈጸመው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። እርሱም በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. ተወለደ፤ አባቱ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበረ። በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ወራት የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን በዚያ ሌጋሲዮን ተጠልሎ ነበረ፤ ድል አድራጊው ሠራዊት ወደ ከተማ ሲገባም የ6 ዓመቱ ሕፃን ቴሲጀር ቆሞ ተመለከተ። ያን ቀን ዕድሜውን ሁሉ አልረሳውም። የአባቱንም ወዳጅነት ራስ ተፈሪ አልረሱም፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ልጁን ጠርተው አስመጡት። ከበዓሉ በኋላ ጐልማሳው ወደ አዋሽ ቈላ ለአደን ወረደ፤ አፋሮችንም እዚያ አያቸው።

ከ3 ዓመት በኋላ ኅዳር 22 ቀን 1926 ዓ.ም. ግመሎችና የታጠቁ ሰዎች ይዞ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። የጉዞው አለቃ ዑመር ኢብራሂም የሚባል ሱማሌ ነበረ፤ ጉዞው የተቃናው በዚህ ሰው ብልሃት መሆኑን ቴሲጀር ራሱ መስክሮአል። ባሕዱ ከተባለው አገር ሲደርሱ መንግሥት ለነፍሳቸው ፈርቶ መልሱአቸው ብሎ አዘዘ፤ እንግሊዛዊው ባልንጀራውም ስለ ታመመ ቀረ። ቴሲጀር ግን በአዲስ አበባ ደጅ ጠንቶ ፈቃድ አገኘና በየካቲት ወር ብቻውን ዳግመኛ ወረደ። በመጋቢት ወር የአውሳው ሡልጣን መሐመድ ያዮ በጫካ መካከል፣ በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን ተቀበሉት። የሡልጣኑ ፈቃድ ባይገኝ ኖሮ ዕጣው እንደ ቀደሙት ይሆን ነበር። ከዚህ በኋላ አቤ ሐይቅ ድረስ ሄዶ የወንዙን መጨረሻ አየ፤ በግንቦትም ታጁራ ከባሕር ዳር ደረሰ።

በዚህ ጉዞ የያዘው ፎቶግራፍ ማንሻ የአባቱ የነበረ አሮጌ ኮዳክ ነበረ፤ ላይካ የተባለውን የተሻለ ዕቃ የገዛው ከተመለሰ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋልና ያ የጨረቃ ብርሃን ስብሰባ በቃል እንጂ በሥዕል ሊቀር አልቻለም። የቀሩት ግን የሚያስደንቁ ናቸው፤ ጊሌውን በወገቡ የታጠቀ ጐበዝ፣ ጠጕራቸውን ያበጁ ወጣቶች፣ ለሙታን የተካበ ድንጋይ፣ የወንዙ ዳርቻ። እስከዚያ ዘመን በአገራችን ፎቶግራፍ በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበረ፤ አርመናዊው ቦያጂያንና ልጆቹ ያነሡአቸው የነገሥታት ሥዕሎች ይህን ያሳያሉ። ከብት ጠባቂው አፋር ግን ከዚህ ማዕርግ አልደረሰም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። ቴሲጀር በጽሑፉ ስለ አፋሮች ሲናገር ገዳይነትንና የገዳይን ምልክት አብዝቶ ያነሣል፤ በ1927 ዓ.ም. በለንደን በጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ያወጣውም ሐተታ ከዚህ ነጻ አይደለም። በደጋው ሰው ዘንድም ይኸው ወሬ ቀድሞ የተለመደ ነበረና ማንም አልተቃወመውም። ስማቸውንም እንኳ ራሳቸው በሚጠሩበት «አፋር» ሳይሆን ጎረቤት ባወጣላቸው «ደናክል» ጠራቸው። ሥዕሉ ግን ከጽሑፉ ይልቅ የታመነ ምስክር ነው። በሥዕሉ ፊት የቆመው ሰው ነውረኛ ወይም አውሬ ሆኖ አይታይም፤ የተከበረ ባለ አገር ሆኖ ይታያል። እጁ ከብዕሩ ይልቅ ለዐይኑ ታዝዞአል ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ የሰውየውን ስም አይናገሩም፤ ጐሣውን ብቻ ይነግሩናል።

ቴሲጀር በ1933 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋራ ሆኖ በጎጃም በኩል ተዋጋ፤ በአጊባር ምሽግ ላይ ስላሳየው ጀግንነትም ኒሻን ተቀበለ። ከዚያ በዐረብ በረሓና በኢራቅ ረግረግ ብዙ ዓመት ኖረ፤ የታወቀውም በእነዚያ መጻሕፍቱ ነው። ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አረፈ። ወደ 38,000 የሚሆኑ የፎቶግራፍ ነጋቲቮቹ በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል።

ያየው አገር ግን እንዳየው አልቀረም። ሡልጣን መሐመድ ያዮ ከኢጣልያን ጋራ ተባብረዋል ተብለው በ1936 ዓ.ም. ተያዙ፤ በእስርም ሞቱ፤ በስፍራቸው ዓሊ ሚራሕ ሐንፈሬ ተሾሙ። በ1954 ዓ.ም. ገደማ በተንዳሆ የእንግሊዝ ኩባንያ የጥጥ እርሻ ተከፈተ፤ ሌላም እርሻ በወንዙ ዳር ተከታተለ። ይህ መሬት ለአፋር ከብት የበጋ መሸሻ ነበረ፤ ዝናም ሲጠፋ መንጋው የሚድነው ከዚያ ሣር ነውና። ስለዚህ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ ብዙ ከብትና ብዙ ሰው አለቀ። ከእርሻው በፊት የወንዙ ዳር ምን ይመስል እንደ ነበረ ለሚጠይቅ ሰው እነዚያ ሥዕሎች ጥቂት ከቀሩት ማስረጃዎች ናቸው።

ዛሬ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ከአሳይታ ተነሥቶ ሠመራ ሆኖአል፤ ቴሲጀር ባለፈ ጊዜ ይህ ከተማ አልነበረም። አሁን ዩኒቨርሲቲ አለበት፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪናም በአጠገቡ ያልፋል። ፎቶግራፍም በኢትዮጵያውያን እጅ ገብቶአል፤ አይዳ ሙሉነህ በአፋር በዳሎል የሴቶችን የውኃ ድካም የሚያሳዩ ባለ ቀለም ሥዕሎች አንሥታ በለንደን በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ታይተዋል። የእርሷ ሥዕሎች ታስበውና ታቅደው የተዘጋጁ ናቸው፤ ቴሲጀር ደግሞ በመንገድ የገጠመውን አነሣ። ቴሲጀር ያነሣቸው ሰዎች የልጅ ልጆቻቸው በአዋሽ፣ በዱብቲና በአሳይታ ይኖራሉ፤ ከእነርሱ ሽማግሌ ቢጠየቅ ምናልባት ከእነዚያ ስም አልባ ፊቶች አንዱን በስሙ ይጠራው ይሆናል።