የአማርኛ ፊደላትና ቁጥራዊ ኮዶቻቸው

ምንነቱ

ኮምፒውተር ማንኛውንም ጽሑፍ የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል፣ አኃዝና ሥርዓተ ነጥብ የተመደበው ቁጥር «ኮድ» ይባላል። ቀደም ሲል በስፋት ይሠራበት የነበረው አስኪ የተሰኘው ሥርዓት 128 ኮዶች ብቻ ስለነበሩት ለግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። በመሆኑም የተለያዩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን የኮድ አመዳደብ ይከተሉ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም የግዕዝ ፊደልን በማካተቱ ለችግሩ መፍትሔ ተገኝቷል።

የኮዶቹ አደራደር

የግዕዝ ፊደል ዋናው ክፍል ከ4608 ይጀምራል፤ ይህም የ«ሀ» ኮድ ነው። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ስለተመደበ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632 ሆነዋል። ከአንድ ፊደል ኮድ ላይ 4608 ተቀንሶ ውጤቱ ለስምንት ሲካፈል ቀሪው የፊደሉን ሆሄ ያመለክታል፤ ዜሮ ግዕዝ፣ አንድ ካዕብ፣ ሁለት ሣልስ እያለ ይቀጥላል። ለምሳሌ የ«ም» ኮድ 4637 ነው፤ ከተቀነሰ በኋላ የሚገኘው 29 ለስምንት ሲካፈል ቀሪው አምስት በመሆኑ ፊደሉ ሳድስ መሆኑ ይታወቃል።

በፕሮግራም አጻጻፍ

በፓይተን ቋንቋ ፊደልን ወደ ኮድ የሚለውጠው ተግባር «ኦርድ»፣ ኮድን ወደ ፊደል የሚመልሰው ደግሞ «ሲ-ኤች-አር» ይባላል። በዚህ መሠረት «ሰላም» የሚለው ቃል 4656፣ 4619 እና 4637 በሚሉ ሦስት ቁጥሮች ይወከላል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አቀማመጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ የመረጃ ቋት የቦታ ልክ ሲወሰን ይህ ታሳቢ ሊደረግ ይገባል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ጉዳዮች

ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ኮዳቸው የተለያየ ነው። «ጸ» 4920 ሲሆን «ፀ» 4928 ነው። ስለዚህ በአንድ መዝገብ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሐይ» ተብላ የተመዘገበች ባለጉዳይ በኮምፒውተር ዘንድ እንደ ሁለት ሰው ትቆጠራለች፤ ፋይሏ እያለም «የለም» ልትባል ትችላለች። በተመሳሳይ አራት ነጥብ (።) ራሱን የቻለ 4962 የተሰኘ ኮድ አለው፤ ሁለት ነጥብን (፡) ደጋግሞ በመጻፍ የሚገኘው ምልክት ግን በመልክ ቢመሳሰልም 4961 ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይቀመጣል።

ሶፍትዌር አበልጻጊዎች የባለጉዳዩን ስም እንደተጻፈ ጠብቀው እንዲያቆዩና ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ የተጠቃለሉበት ተጨማሪ መስክ እንዲያዘጋጁ ይመከራል። ተገልጋዮችም ስማቸው በሁሉም ሰነዶቻቸው ላይ በተመሳሳይ ፊደላት መጻፉን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።