ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ፦ ወዳጅነቱ ቀድሞ ንግዱ የዘገየበት ታሪክ

ኬንያ ነፃ ከወጣች ጀምሮ ኢትዮጵያና ኬንያ ጦር ተማዘው አያውቁም። ይህ በየበዓሉና በየስብሰባው ሲነገር እንሰማለን፣ እውነትም ነው። ናይሮቢ ሱቅ ከፍተን የምንኖር ሰዎች ግን አንድ ጥያቄ ሲከነክነን ኖሯል። እንዲህ የተዋደዱ ጎረቤቶች እርስ በርስ ሲገበያዩ እምብዛም ያልታዩት ለምንድን ነው? በዚህ የማኅበራችን የኢዮቤልዩ መጽሔት የምንጽፈው ስለዚሁ ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድርገነዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቅኝ ግዛት ዘመን ነው። በ1907 ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ድንበሩ ተዋዋሉ። እንግሊዞች ግን የኬንያን ሰሜን ያለ ፈቃድ የማይገባበትና የማይወጣበት ዝግ አውራጃ አድርገው ያዙት። የነሱ ባቡር ከሞምባሳ ተነስቶ በናይሮቢ በኩል ወደ ኡጋንዳ ሲያቀና፣ የኛው ደግሞ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ሁለቱ አገሮች ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ ማለት ይቻላል። በመካከል የቀረው ሕዝብ፣ ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ከብቱንና የኤል ሶድን ጨው ይዞ መሻገሩን አልተወም። የሞያሌን ገበያ ያቆመው ይኸው ሕዝብ ነው።

ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ነፃነቷን ባገኘች ሰሞን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጆሞ ኬንያታ የመከላከያ ስምምነት አደረጉ። ምክንያቱ የሶማሊያ ነገር ነበር፤ ሞቃዲሾ ኦጋዴንንም የኬንያን ሰሜን ምሥራቅም የራሴ ነው ትል ነበርና። ውሉ ጠንካራ ስለነበረ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ እንኳ አልፈረሰም። በ1979 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዳንኤል አራፕ ሞይ በወዳጅነት ውል አጸኑት፤ አንዱ የሞስኮ ወዳጅ፣ ሌላው የምዕራቡ! የኃይለ ሥላሴ ጎዳና መሐል ናይሮቢ ላይ ስሙን እንደያዘ ዛሬም አለ። እንደኛ አስተያየት እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ወዳጅነቱ የጦር ወዳጅነት ስለነበረ ለነጋዴው መንገድ ያሰበለት አልነበረም።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኢትዮጵያ በኩል አስፋልት እያለ በዚህ በኩል እስከ 2000ዎቹ ድረስ ድንጋይና አቧራ ነበር። ተሳፋሪው በከብት ሎሪ ላይ፣ ብረቱን ጨብጦ፣ ከላሞቹ በላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚመጣው። ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖቹ ተሰባስበው በፖሊስ ታጅበው ይጓዙ ነበር። ዝናብ ከጣለማ የሁለት ቀኑ መንገድ ሳምንት ይሆናል። ብዙዎቻችን፣ በተለይ ከ1991 ወዲህ የመጣነው፣ ይችን አገር መጀመሪያ ያየናት ከዚያ ሎሪ ላይ ሆነን ነው። የሱቃችን ዕቃም በዚያው ነው የመጣው፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ነጠላው፣ በጭድ ተጠቅልሎም ግማሹ ተሰብሮ የሚደርሰው ጀበና። ደንበኛ በዋጋው ሲቆጣ መልሳችን መንገዱ ነበር። በየኬላው ይጠየቅ የነበረውን ለመዘርዘር ይህ ገጽ አይበቃንም።

የጤፉም ነገር አለ። በ2006 ኢትዮጵያ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ እንጀራ ተጋግሮ በአውሮፕላን መውጣት ይችል ነበር፤ ጤፉ ግን አይችልም። ያገር ቤቱን የኑሮ ውድነት እናውቃለንና በሕጉ አንፈርድም። ብዙ ቤት ግን ጤፉን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መጋገር ለመደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በመጋቢት 2012 ምዋይ ኪባኪ፣ መለስ ዜናዊና ሳልቫ ኪር ላሙ ላይ ተገናኝተው የወደቡንና የመንገዱን ሥራ አስጀመሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ናይሮቢ መጥተው ከኪባኪ ጋር ንግድንና ኢንቨስትመንትን የሚመለከት ልዩ ስምምነት ተፈራረሙ። ከሁሉም ለኛ የሚበልጥብን ግን አስፋልቱ ነው። በ2010ዎቹ አጋማሽ፣ በአብዛኛው በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር፣ ሞያሌ ገባ። ሳምንት የፈጀው ጉዞ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ሆነ። በታኅሣሥ 2020 ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ላይ የሚሠሩበትን የድንበር ጣቢያ መረቁ። በ2021 ሳፋሪኮም የመራው ቡድን በ850 ሚሊዮን ዶላር የኢትዮጵያን የቴሌኮም ፈቃድ አገኘ። በ2022 ማብቂያ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ ገባ፤ መጀመሪያው 200 ሜጋ ዋት ነው። መብራት ስናበራ ያገራችን ወንዝ አለበት እያልን እንቀልዳለን።

እነዚህ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፣ ደስ ይለናል። ስለ ኢንቨስትመንት በሚደረጉት የሆቴል ስብሰባዎች ላይ ግን የኢስሊ ባለ ሱቅ አይታይም። ሦስት ጆንያ በርበሬ ለሚያስመጣ ሰው ወረቀቱ ከጆንያው ይከብዳል፤ ስለዚህ አንዳንዱ በአቋራጭ ያመጣና ኮንትሮባንድ ይባላል። ኢትዮጵያ በ2024 ለውጭ ዜጎች የጅምላና የችርቻሮ ንግድ፣ ገቢና ወጪ ንግድም ፈቅዳለች። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ስዋሂሊውንም አማርኛውንም ያውቃሉ፤ የኬንያን ሳሙና ወደዚያ፣ የኢትዮጵያን ቦሎቄ ወደዚህ ለማሻገር ከነሱ የተሻለ ማን አለ? የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኮሚሽን ሲሰበሰብ የትንንሹ ነጋዴ ጥያቄ በጽሑፍ እንዲደርሰው፣ ማኅበራችን ከየሱቁ ሰብስቦ ለኤምባሲያችን እንዲያቀርብልን በዚህ አጋጣሚ እንጠይቃለን። ከየሰፈሩ ዞሮ የሚሰበስብ ሰው ካስፈለገ እኛ ዝግጁ ነን።