ለዘር የመጣ መርዝ

የ1964 ዓ.ም. መስከረም ገና ሳይጋመስ እህል የጫኑ መርከቦች የኢራቅ ወደብ በሆነችው ባስራ መድረስ ጀመሩ። በአንድ ወር ውስጥ ከ73 ሺህ ቶን በላይ ስንዴና ከ22 ሺህ ቶን በላይ ገብስ ተራገፈ። እህሉ ለመሶብ የመጣ አልነበረም፤ ድርቅ የጎዳው የኢራቅ ገበሬ እንዲዘራው የተገዛ ነው። መሬት ውስጥ እንዳይሻግትም ሜቲል ሜርኩሪ በተባለ፣ ከባዜቃ በሚሠራ መድኃኒት ታሽቷል። ከምግብ እህል እንዲለይ ደግሞ ሮዝ ቀለም ተቀብቷል።

ጭነቱ ከወደብ ተነሥቶ ገጠር እስኪደርስ በብዙ ቦታ የዘር ወቅት አለፈ። ገበሬው የነበረችውን ዘር ዘርቶ ጨርሷል፤ ቤቱ ግን የሚበላ የለም። ጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ ነበር። የተጻፈው ግን በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ስለሆነ አረብኛና ኩርድኛ ለሚናገረው ገበሬ ምንም አልነገረውም። ብዙዎች እህሉን በውሃ አጠቡት፤ ቀለሙ ሲለቅ መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰላቸው። ጠንቃቃው ደግሞ አስቀድሞ ለዶሮዎቹ በትኖ ጥቂት ቀን ጠበቀ። ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። ስንዴው ተፈጨ፣ ተቦካ፣ ተጋገረ።

ታኅሣሥ ላይ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል መጉረፍ ጀመሩ። በመጀመሪያ እጅና እግራቸውን፣ ከዚያም የከንፈራቸውን ዙሪያ ደነዘዛቸው። አረማመዳቸው ተንገዳገደ፤ አንደበታቸው ተሳሰረ። የዓይናቸው እይታ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ሄዶ አንዳንዶቹ ፈጽሞ ታወሩ። ሆስፒታል ከገቡት 6,530 ሰዎች መካከል 459ኙ እዚያው ሞቱ። እናቶች ራሳቸው ቀላል ሕመም ብቻ ታይቶባቸው፣ አእምሯቸው ክፉኛ የተጎዳ ልጆችን ወለዱ፤ መርዙ በእትብት አልፎ ፅንሱን ያገኛልና።

ጠንቃቃውን ገበሬ ያሳሳተው የመርዙ ጠባይ ነው። ሜቲል ሜርኩሪ ከምግብ ጋር ሲገባ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ደም ይዘልቃል፤ ከደምም ወደ አንጎል። ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በየቀኑ የሚበላው ዳቦ በላይ በላዩ ይከማቻል፤ ሕመሙ የሚገለጠው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ዶሮዎቹን ሦስትና አራት ቀን አይቶ መፍረድ ያልበጀው ለዚህ ነበር። የሞተ የአንጎል ሕዋስም ተመልሶ አይተካም።

ዓለም ይህን መርዝ ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር። በ1948 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ያልታወቀ በሽታ ታየ፤ ቺሶ የተባለው ፋብሪካ ከጣለው ፍሳሽ ዓሣ፣ ከዓሣው ደግሞ ሰው መመረዙ በኋላ ታወቀ። ኢራቅ ራሷም በ1956 እና በ1960 እ.ኤ.አ. በታሸ ዘር የተመረዙ ገበሬዎቿን ቀብራለች። ያ ሁሉ ከታወቀ በኋላም ጆንያውን የጫኑት፣ የገዙትና ያከፋፈሉት ወገኖች አደጋው ለገበሬው በሚገባው መንገድ እንዲደርስ አላደረጉም። ጥፋቱን ባልተማረ ገበሬ ላይ መጫን ግፍ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ይህን ታሪክ እዚህ በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ማንሣት ያስፈለገው ያው አደጋ እዚህም ሊደርስ ስለሚችል ነው። ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች ድጋፍ በሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈው ከቆዩ ወረዳዎች መካከል ናቸው። የ1977 ዓ.ም.ን ረኀብ የሚያስታውስ ሽማግሌ፣ ልጅ እየራበው ዘር ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። የባስራውን ስንዴ የጋገረች እናት ያደረገችውን እዚህ ያለች እናትም ልታደርገው ትችላለች።

መስከረም 30 ቀን 2006 ዓ.ም. በጃፓን ለፊርማ የቀረበው የሚናማታ ስምምነት ባዜቃ ያለባቸውን ፀረ ተባዮች ማምረት፣ ወደ አገር ማስገባትና ወደ ውጭ መላክ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ደንግጓል። በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም በሌላ መድኃኒት የታሸና ቀለም የተቀባ ዘር ግን ዛሬም ለገበሬ ይከፋፈላል። ያም ቢሆን ታጥቦ አይበላም፤ ለከብትና ለዶሮም አይሰጥም፤ ጆንያውም እህል አይከተትበትም። ይህን የልማት ሠራተኛው ዘሩን በሚያስረክብበት ሰዓት ለባልም ለሚስትም በቃል ይንገር፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ፣ በዕድርም ይደገም። ዘር አቅራቢው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ በወቅቱ ያድርስ። ዘር ሳይዘገይ እርሻው ላይ ከደረሰ፣ ለቤቱም ሌላ ቀለብ ካለ፣ ምጣድ ላይ የሚወጣበት ምክንያት አይኖርም።